ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እንዳይሆን

ድምፅን በቃል አዝዞ ማሠራት ይቻላልን? ቢቻልስ፣ የተሠራው ድምፅ የአዛዡ ነው ወይስ የታዛዡ? ጥያቄው ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢነሣ ኖሮ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ በመሰለ ነበር። ዛሬ ግን ሙዚቀኛውን፣ የቴያትር አዘጋጁንና የሙዚቃ መምህሩን የሚገጥማቸው ተጨባጭ ጥያቄ ሆኗል። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ሲንተሳይዘር ያለው አንድ ወጣት፣ ቀድሞ መቆጣጠሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነካካ ለሰዓታት ይፈልገው የነበረውን ድምፅ፣ አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራውንና በተለምዶ ቻትቦት የሚባለውን ተነጋጋሪ ፕሮግራም በተራ ቋንቋ ጽፎ ይጠይቃል። «ከሩቅ የሚሰማ፣ ሐዘን ያለበት፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ሥራልኝ» ይላል። ፕሮግራሙም የቁጥር ዝርዝር ይሰጠዋል። ወጣቱ ቁጥሮቹን በሲንተሳይዘሩ ላይ ይሞላና ቁልፉን ይጫናል። ድምፅ ይወጣል።

ይህን ሁኔታ ሁለት ወገኖች በሁለት መንገድ ይመለከቱታል። አንደኛው ወገን የኪነ ጥበብ ሞት ነው ይላል፤ እጅ ያልደከመበት፣ ላብ ያልፈሰሰበት ድምፅ የሰው ድምፅ ሊባል አይገባውም ባይ ነው። ሌላው ወገን በበኩሉ፣ መሣሪያ ምንጊዜም መሣሪያ ነው፤ ትናንት ክራር፣ ዛሬ ኮምፒዩተር፤ ልዩነት የለውም ሲል ይከራከራል። ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን በእጅ ላይ ብቻ ስለሚያቆሙት ዋናውን ነገር ይስቱታል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የድምፅ ባለቤት የሚባለው፣ ድምፁን ሰምቶ «ይህ ነው» ወይም «ይህ አይደለም» ለማለት የሚችልና ለፍርዱም በኀላፊነት የሚቆም ሰው ነው። የእጅን ሥራ ለመሣሪያ መስጠት ይቻላል፤ የሰው ልጅም ይህን ሲያደርግ ኖሯል። የጆሮን ፍርድ ግን ለመሣሪያ አሳልፎ የሰጠ ሰው ከድምፁ ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል። (ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅን መፍታትና መግጠም

በቅድሚያ የነገሩን አመጣጥ ማየት ያስፈልጋል። ድምፅን ከተፈጥሯዊ ምንጩ ነጥሎ መሥራት ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሣይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከፍታው አንድ የሆነ ድምፅ ከክር ሲወጣና ከዋሽንት ሲወጣ ለምን እንደሚለያይ አስረድቷል። የምንሰማው ድምፅ በውስጡ ከመሠረታዊው ንዝረት ጋር አብረው የሚነዝሩ ብዙ የላይኛ ድምፆችን ይዟል፤ የድምፁን ቀለም የሚወስነውም የእነዚህ የላይኛ ድምፆች ብዛትና ጉልበት ነው። ሄልምሆልትዝ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚነዝሩ ሹካ መሰል ብረቶችን አሰልፎ፣ የሰውን አናባቢ ድምፆች የሚመስል ድምፅ እስከ ማሰማት ደርሶ ነበር። ድምፅ ሊፈታና ተመልሶ ሊገጠም የሚችል ነገር መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይህ ዕውቀት በሙዚቀኛ እጅ የሚገባ መሣሪያ እስኪሆን ድረስ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በ1964 በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚታዘዘውን ሲንተሳይዘር ሠራ። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አሠራር በኮምፒዩተር ውስጥ ባሉት በብዙዎቹ ሲንተሳይዘሮች ዘንድ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። በመጀመሪያ ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል አለ። ቀጥሎ እንደ ወንፊት የሚፈለገውን አሳልፎ የማይፈለገውን የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። በመጨረሻም ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና እንዴት እንደሚጠፋ የሚወስን ክፍል አለ። የድምፅ ሠሪው ሥራ እነዚህን ክፍሎች ማስማማት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን ትምህርት የሚሆነው የጆን ቻውኒንግ ታሪክ ነው። ቻውኒንግ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሲሞክር፣ አንዱ ሞገድ ሌላውን ሞገድ እንዲያወዛውዘው አደረገ። ውዝዋዜው ቀርፋፋ ሲሆን፣ ዘፋኝ ድምፁን ሲያርገበግብ የሚሰማው ዓይነት ርግብግቢት ተሰማ። ፍጥነቱን እየጨመረ ሲሄድ ግን ርግብግቢቱ ጠፋና በምትኩ አዲስ የድምፅ ቀለም ተወለደ። የሒሳቡ መሠረት በሬዲዮ ማሠራጫ ጥበብ ዘንድ ቀድሞም የታወቀ ነበር። ድምፁን ሰምቶ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ያለው ግን የሙዚቀኛው ጆሮ ነው። ግኝቱ በ1973 ታተመ፤ የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያም ፈቃዱን ወስዶ በ1983 ዲ ኤክስ 7 የተባለውን ሲንተሳይዘር ለገበያ አቀረበ።

ይህ መሣሪያ 6 ሞገድ አመንጪዎችን በ32 ልዩ ልዩ አሰላለፍ የሚያገናኝ ነበር። አንዱን ቁጥር በትንሹ ሲነኩት ድምፁ ፈጽሞ ወደ ሌላ ነገር ስለሚለወጥ፣ መሣሪያውን በራሱ ፈቃድ ማዘዝ የቻለው ሙዚቀኛ ጥቂት ነበር። የሚበዙት ፋብሪካው አዘጋጅቶ ያስቀመጠላቸውን ድምፆች እንዳሉ ይጠቀሙ ጀመር። በውጤቱም በዚያ ዘመን ከአንዱ የዓለም ጫፍ እስከ ሌላው የተሠሩ ዘፈኖች አንዱኑ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ ይዘው ይሰሙ ነበር። እንግዲህ በሌላ ሰው ጆሮ መስማት ከቻትቦት ጋር የመጣ በሽታ አይደለም። ቻትቦቱ ነባሩን በሽታ ያገኘው ተስፋፍቶ ነው።

ያነበበ ግን ያልሰማ

ለመሆኑ ቻትቦት ስለ ድምፅ የሚያውቀው ምንድን ነው? ቻት ጂ ፒ ቲ በኅዳር ወር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በስፋት የታወቁት እነዚህ ፕሮግራሞች በመሠረቱ በጽሑፍ የሠለጠኑ ናቸው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቷቸው፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ፣ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ ምን ሊከተል እንደሚችል ተምረዋል። ከሲንተሳይዘሮቹም መካከል አንዳንዶቹ የድምፅን አሠራር በጽሑፍ መልክ ያስቀምጣሉ። ለምሳሌ በ2020 የወጣውና በነፃ የሚገኝ ዓይነት ያለው ቫይታል የተባለው ሲንተሳይዘር፣ የሚያስቀምጠው የድምፅ ፋይል ስምና ቁጥር የተደረደረበት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ መጻፍ የሚችል ፕሮግራም ድምፅንም «መጻፍ» ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሠመርበት ይገባል። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። «ሞቅ ያለ ድምፅ ከፈለግህ ማጣሪያውን ዝቅ አድርግ፤ የደወል ድምፅ ከፈለግህ የሁለቱን ሞገዶች ዝምድና ከሙሉ ቁጥር አውጣው» ብለው በመማሪያ መጽሐፍ፣ በመሣሪያ መግለጫና እርስ በርስ በተለዋወጡት ምክር የጻፉ ብዙ ሰዎች አሉ። እነርሱ ይህን ያወቁት ለዓመታት በመስማት ነው። የፕሮግራሙ ዕውቀት የእነዚህ ሰዎች ልፋት ክምችት ነው። ስለዚህ «ማሽኑ ሠራው» የሚለው አነጋገር፣ በማሽኑ ውስጥ ያለውን የሰው ልጅ የጋራ ሥራ የሚሸፍን አነጋገር ነው። ድምፅ እያዘጋጁ በመሸጥ ይተዳደሩ የነበሩ ባለሙያዎች፣ ጽሑፋቸውና ልምዳቸው ያለ ስማቸው ተመልሶ ሲመጣባቸው ቅር ቢላቸው ቅሬታቸው መሠረት የሌለው ነው ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ የሰሙት ሰዎች የጻፉትን ማንበብ ራሱ መስማት አይደለም። ፕሮግራሙ «ሐዘን» የሚለውን ቃል ከቀርፋፋ አነሣሥ፣ ከጨለመ ማጣሪያና ከረዥም ማስተጋባት ጋር ያዛምዳል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰዎች እንዲህ ስለ ጻፉ ነው። የሰጠው ቁጥር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳወጣ ግን ጽሑፍ ብቻ የሚቀበለው ፕሮግራም አይሰማም። በቅርብ ዓመታት የተቀዳ ድምፅ ተቀብለው የሚመረምሩ ተሠርተዋል፤ ወደፊትም ይሻሻላሉ። ቢሻሻሉም ጥያቄው አይፈታም። መለካት አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ድምፅ ለዚህ ሕዝብ፣ በዚህ ቦታ፣ ለዚህ ሐዘን ይገባል» ብሎ መፍረድ ሌላ ነገር ነው። ፍርዱን የሚሰጥ ሰው ስሕተት ቢገኝበት የሚያፍርበትና የሚጠየቅበት ማኅበር አለው። ፕሮግራሙ ይህ የለውም።

«ተቀበል!»

በቃል አዝዞ ድምፅ ማሠራት ለእኛ ኅብረተሰብ ፈጽሞ እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ግጥም ሲመጣለት «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በማሲንቆው ዜማ አልብሶ ለቤቱ ያሰማል። ግጥሙ የማን ነው? የሰጪው ነው። ዜማውስ? የአዝማሪው ነው፤ ከአዝማሪው በፊት ደግሞ የብዙ አዝማሪዎች ነበር። በዚህ ማንም አይጨቃጨቅም። የአንዱ ቃል በሌላው ድምፅ መውጣቱ የሥራውን ክብር አይቀንስም።

ይህ የሥራ ክፍፍል ሳይበላሽ ሊኖር የቻለው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ስንኙን የሰጠው ሰው እዚያው ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ቃሉ ከተጣመመ ያርማል። ሁለተኛ፣ አዝማሪው ታዛዥ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን ስንኝ አሽሙር አክሎበት ወደ ሰጪው ሊመልሰው ይችላል። ሦስተኛና ዋናው፣ ቤቱ አለ። ቤቱ ስንኙ ሲያምር ያደንቃል፤ ሲወድቅ ዝም ይላል። ሰጪውም ተቀባዩም የሚዳኙት በቤቱ ጆሮ ነው።

ወደ ቻትቦቱ ስንመለስ «ተቀበል» ባዩ አለ፣ ተቀባዩም አለ። የጠፋው ቤቱ ነው። ወጣቱ ሙዚቀኛ ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ያዝዛል፤ ፕሮግራሙ ይታዘዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትእዛዙን ያመሰግናል እንጂ አያሽሟጥጥም። ድምፁ ያምር ወይም ይወድቅ እንደሆነ የሚነግረው ሰው በአጠገቡ የለም። በዚህ ሁኔታ የቀረው ዳኛ የራሱ ጆሮ ብቻ ነው። ያ ጆሮ ያልሠለጠነ ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ዳኛ የለም ማለት ነው።

ቅኔ ቤትም ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣል። በአማርኛ ቅኔ ማበርከት ቅኔ መዝረፍ ይባላል። አባቶች ፈጠራን ለመግለጽ ይህን ቃል መምረጣቸው፣ ከሌላ መውሰድ በራሱ ነውር አለመሆኑን ያሳያል። ዳሩ ግን ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቆማል። መምህሩ ሰምቶ ያርማል ወይም ይጥለዋል። ተማሪው ለእያንዳንዱ ቃል ምክንያት እንዲሰጥ ይጠየቃል። የቅኔው ባለቤት የሚሆነው በዚያ ጥያቄ ፊት ሊቆም የቻለ እንደሆነ ነው።

የእንዚራው ፍርድ

ነገሩን በተጨባጭ ምሳሌ እንመልከት። አንድ የቴያትር አዘጋጅ ለሐዘን ትዕይንት የበገና ድምፅ አስፈለገው እንበል። በገና ደርዳሪ በአቅራቢያው የለም፤ ወይም የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ቻትቦቱን «የበገና ድምፅ ሥራልኝ» ሲል ይጠይቃል። ምናልባት የሚከተለውን የመሰለ መልስ ያገኛል፤ ጥልቅ የሆነ የክር ድምፅ ውሰድ፣ ጥቂት ሻካራነት ጨምርበት፣ በላዩም ረዥም ማስተጋባት አድርግ። መልሱ ስሕተት ነው ለማለት ያስቸግራል። ድምፁም ሲሰማ ጥልቅ፣ ሻካራና የሚያስተጋባ ይሆናል። ግን በገና ነውን?

በገና 10 አውታሮች ያሉት፣ አውታሮቹም ከአንጀት የሚሠሩ መሣሪያ ነው። ልዩ የሚያደርገው ግን እንዚራው ነው። እንዚራ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። አውታሩ ሲመታ ድልድዩን ደጋግሞ እየነካ ይነዝራል፤ ያ ነዛሪ ጉምጉምታ የሚወለደው ከዚህ ነው። ቆዳው በትንሹ ሲገፋ አውታሩ ይታፈናል፤ በትንሹ ሲሳብ ደግሞ ንዝረቱ ጠፍቶ ተራ ክር ይሆናል። ደርዳሪው ከመደርደሩ በፊት እያንዳንዱን እንዚራ እየገፋና እየሳበ፣ አውታሩ እስኪናገር ድረስ ያዳምጣል። ሕንዶችም ታንፑራ በሚባለው መሣሪያቸው ላይ ተመሳሳይ ሥራ በቀጭን ክር ይሠራሉ።

በድምፅ ሣይንስ ዓይን ስናየው፣ የእንዚራው ንዝረት በአውታሩ ድምፅ ላይ ከውጭ የተጨመረ ሻካራነት አይደለም። ከአውታሩ እንቅስቃሴ የሚወለድ፣ የአውታሩ ጉልበት እየቀነሰ ሲሄድም መልኩን የሚለውጥ ነው። ሻካራነትን ከላይ እንደ ካባ የደረበ ሲንተሳይዘር ይህን አያገኘውም። ሊቀርበው የሚችል መንገድ ግን አለ። ኬቪን ካርፕለስና አሌክስ ስትሮንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1983 ባሳተሙት ዘዴ፣ አጭር የሁካታ ብልጭታ በማዘግያ ውስጥ እየዞረ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት እንዲለሰልስ ይደረጋል፤ የሚሰማውም የተመታ ክር ድምፅ ነው። በዚያ ዙር መካከል የድልድዩን ንክኪ የሚመስል ዕንቅፋት ቢገባ፣ ንዝረቱ ከክሩ ጋር አብሮ ይወለዳል፤ አብሮም ይሞታል።

ልብ በሉ፤ ይህን ሁለተኛ መንገድ ከቻትቦት ማግኘት ይቻላል። ክርን በማዘግያ ስለ መሥራት የተጻፈ ብዙ ነው፤ በትክክል የጠየቀ ሰው በቂ ማብራሪያ ሊያገኝ ይችላል። ግን በትክክል የሚጠይቀው ማን ነው? የመጀመሪያውን መልስ ሰምቶ «ይህ በገና አይደለም፤ ንዝረቱ ከውጭ ነው የመጣው» ለማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው። ይህን የሚለውም ከበገና ፊት ተቀምጦ ያዳመጠ ነው። ያላዳመጠው የመጀመሪያውን መልስ ተቀብሎ ይሄዳል። በእምቢታና በእሺታ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ የዕውቀት ልዩነት ነው።

አደጋውም በዚህ ቦታ ላይ ግልጽ ይሆናል። «በገና» የሚል ስም የተለጠፈበት፣ በገና ያልሆነ ድምፅ ከአንድ ቴያትር ወደ ሌላው፣ ከአንድ ፊልም ወደ ሌላው ይሻገራል። በየዓመቱ በጾም ወራት እውነተኛውን የማይሰማ ልጅ፣ በገና ማለት ይህ ነው ብሎ ያድጋል። አንድ ቀን እውነተኛውን በገና ቢያገኝ «ይህስ የሚንጫጫው ተበላሽቶ ነውን?» ይላል። የሕዝብ ድምፅ የሚጠፋው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ተጠብቆ ድምፁ ሲለወጥም ይጠፋል።

የባዕድ መሣሪያ፣ የራስ ጆሮ

ከዚህ ተነሥቶ ከመሣሪያው መሸሽ ይገባል የሚል ሰው ቢኖር ታሪክ አይደግፈውም። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 በካይሮ፣ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ፣ በሴቶች የዛር ሥርዓት ላይ የሚሰማውን ዜማ ቀዳ። ዛር በእኛም አገር የታወቀ ነው። ኤል ዳብ የቀዳውን ድምፅ ወደ ስቱዲዮ ወስዶ መሠረታዊ ድምፆቹን ቀነሰ፤ በሚያስተጋባ ክፍል አሳለፈው፤ የዜማው ውስጠኛ ንዝረት ብቻ እስኪቀር ድረስ ሠራበት። በዓለም ላይ ከተቀዳ ድምፅ የተሠሩ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች ሲቈጠሩ ይህ ሥራ ከፊተኞቹ ይመደባል። በ1959 ደግሞ በኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ይሠራ ነበር።

ይኸው ሰው ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው አስተምሯል፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን ከየአካባቢው አምጥቶ በአንድ መድረክ ያቀናጀው በዘመኑ እጅግ አዲስ በሆነው መሣሪያ ሲሠራ የነበረው ሰው ነው። በሁለቱ ሥራዎቹ መካከል ቅራኔ የለም። ድምፅን በመሣሪያ የፈታው ጆሮ፣ ድምፁ የሚኖርበትን ሕዝብ የሚያከብር ጆሮ ነበርና።

ሌላው ምሳሌ ከራሳችን ሰዎች ነው። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ፣ ከባንዱ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እዚያው ቀርቶ፣ በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን የሙዚቃ ካሴት ብቻውን ሠራ። አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የአገሩን ዜማ ተጫወተ። ከመሣሪያዎቹ አንዱም እንኳ የአገር ቤት አልነበረም። ሥራው በ2013 በአሜሪካ እንደገና ሲታተም አማርኛ የማያውቁ ብዙ አድማጮችም ወደዱት። ሙግ ሲንተሳይዘር ብዙ ዓይነት ድምፅ ያወጣል፤ ኃይሉ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹን መረጠ። የመረጠውም ከአገሩ ይዞት በመጣው ጆሮ ነው።

ስለ ተቃውሞዎቹ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ «አድማጩ የሚሰማው ውጤቱን ነው፤ ድምፁ ካማረ እንዴት እንደ ተገኘ ምን አገባው?» የሚለው ነው። በከፊል እውነት ነው። አድማጭ የሙዚቀኛውን ድካም የመቈጣጠር ግዴታ የለበትም። ይሁን እንጂ «ካማረ» የሚለው ቃል ራሱ ዳኛ ይፈልጋል። አማረ ያለው ማን ነው? ፕሮግራሙ በብዙዎች ዘንድ የተለመደውን ሊያቀርብ ይቀናዋል፤ የለመድነው ደግሞ ያማረ ይመስለናል። በዚህ መንገድ የተለመደው ይበልጥ እየተለመደ፣ ያልተጻፈለት እየተረሳ ይሄዳል። የቅኝቶቻችን አካሄድ ሁልጊዜ ከፒያኖው 12 እኩል ክፍሎች ጋር አይገጥምም። በአማርኛ ስለ ድምፅ የተጻፈውም ጥቂት ነው። ከደወል ጋር የተዛመደው መረዋ፣ ጎርናና፣ ስርቅርቅ፣ ሰላላ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ የድምፅ ቀለም ያመለክታሉ። የትኛው ቃል ከየትኛው የላይኛ ድምፅ፣ ከየትኛው ማጣሪያ ጋር እንደሚዛመድ ግን በበቂ አልተጻፈም። ስላልተጻፈም ማሽኑ ሊያነበው አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። «ጆሮን ማሠልጠን የቻለው ትምህርት ቤትና መምህር ያገኘ ነው። ገንዘብ የሌለው፣ ከከተማ ርቆ የሚኖር ወጣት ቻትቦት ብቸኛ መምህሩ ሊሆን ይችላል። ይህን በር ልትዘጉበት ነውን?» ይላል። በሩ ሊዘጋ አይገባም። ዲ ኤክስ 7ን ለማዘዝ ያቃታቸው ሙዚቀኞች ያጡት አስረጂ ነበር፤ ዛሬ አስረጂው በነፃ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። «ስጠኝ» እና «አስረዳኝ» ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። «የበገና ድምፅ ስጠኝ» ያለው ወጣት ቁጥር ተቀብሎ ይሄዳል። «የሰጠኸኝ ድምፅ ከበገናው የሚለየው በምን ምክንያት ነው? አስረዳኝ» ያለው ወጣት ግን አስቀድሞ ሁለቱን አዳምጦ አነጻጽሯል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ላይ ጌታ ይሆንበታል፤ በሁለተኛው ላይ አገልጋዩ ነው።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተል ተግባር አለ። በመጀመሪያ ተግባሩ የመምህራን ነው። ተማሪው በቻትቦት ረዳትነት ድምፅ ሠርቶ ሲያመጣ፣ «ራስህ ሠራኸውን?» ብሎ መጠየቅ ወደ ክርክር እንጂ ወደ ትምህርት አያደርስም። የሚጠቅመው ጥያቄ «ከተሰጡህ ድምፆች የትኞቹን ጣልህ? ለምንስ ጣልኻቸው?» የሚለው ነው። የጣለበትን ምክንያት በራሱ ቃል መናገር የቻለ ተማሪ የቀረው ድምፅ ባለቤት ነው። ምንም ያልጣለ፣ ወይም የጣለበትን ምክንያት የማያውቅ፣ ገና ተቀባይ ነው፤ ስለዚህም እንዲያዳምጥ ሊታገዝ እንጂ ሊወገዝ አይገባውም።

ሁለተኛው ተግባር የኪነ ጥበብ ሰዎች ነው። ገጣሚው፣ የቴያትር አዘጋጁና ሙዚቀኛው የሠሩትን ድምፅ ለሕዝብ ከማቅረባቸው በፊት ወደ ቤቱ፣ ማለትም ድምፁን ወደሚያውቀው ሰው ጆሮ ይዘውት ይሂዱ። የበገናን ድምፅ የሠራ በገና ደርዳሪ ዘንድ ሄዶ ያሰማ። ደርዳሪው «እንዚራው የት አለ?» ቢል ያ ጥያቄ ውርደት አይደለም፤ ከማንኛውም ፕሮግራም የማይገኝ ትምህርት ነው። ለደርዳሪውም ስለ ጆሮው ዋጋ ሊከፈለው፣ ስሙም ሊጠቀስለት ይገባል። የሰዎችን ልፋት ያለ ስማቸው መጠቀምን የምንነቅፍ ከሆነ፣ እኛ ራሳችን ያንኑ መድገም የለብንም።

ሦስተኛው ተግባር የባህል ተቋማት ነው። ከየመሣሪያችን የሚወጣውን ድምፅ በጥራት መቅዳት፣ መለካት፣ አሠራሩንም በራሳችን ቋንቋ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ስናደርግ ማሽኖቹ ሊያነቡን ይችላሉ፤ ባይነበቡልንም ልጆቻችን ያነቡናል። ሳንጽፍና ሳንቀዳ ቀርተን ማሽኑ አያውቀንም ብሎ ማማረር ግን ፍሬ የለውም።

በአነጋገራችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። አባባሉ ስለ ሐሜት ነው፤ በአገሩ ሁሉ የተወራውን ባለጉዳዩ መጨረሻ ይሰማዋል ለማለት የሚነገር ነው። በእኛ ዘመን ግን ሌላ ትርጉም ሊያገኝ ይችላል። የራሱን ሕዝብ ድምፅ ከማሽን ተቀብሎ፣ የራሱ አለመሆኑን ሳያውቅ ለዓለም የሚያሰማ ሰው፣ በእርግጥ ጆሮው ባዳ ሆኖበታል። ማሽኑ የሚታዘዘውን ያህል ይታዘዝ፤ እጃችንንም ያሳርፍ። «ይህ አይደለም» የሚለውን ቃል ግን ከእኛ በቀር ማንም ሊናገርልን አይችልም። ያን ቃል በእውነት ለመናገርም አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል።